ሄዳ የተመለሰች ጀልባ

የጥር ብርድ መካነ ሰላም ላይ የሚጀምረው ፀሐይ ዘወር ስትል ነው። ከተማዋ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ በስተምዕራብ መሬቱ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ሄዶ ዓባይ በረሃ ውስጥ ይጠፋል። በዚህ ምሽት አንድ ጡረታ የወጡ የእጅ ሥራ መምህር ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው የዋንዛ ጣውላ ግድግዳ ተደግፏል፤ መሬቱ ላይ ከመላጊያ የወደቀ ፍቅፋቂ ተበትኗል። ፊት ለፊታቸው ያለው ለአስተርዮ ማርያም ከባሕር ዳር የመጣ የድሮ ተማሪያቸው ነው። ጣና ላይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የገዛት ትንሽ ጀልባ አለችው። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አንድ ነገር አውጥቶ መምህሩ እግር ሥር አኖረ።

መምህሩ፦ ይህ ደግሞ ምንድን ነው?

ባለጀልባው፦ የጀልባችን ፕሮፔለር ነው ጋሼ። ከሞተሩ ሥር ሆኖ ውኃውን እየገፋ የሚያስኬዳት እሱ ነው። አንደኛውን ክንፍ ይመልከቱት።

መምህሩ፦ (እያገላበጡ) እንደ ኮባ ቅጠል ታጥፏል። ድንጋይ ነው ያገኘው?

ባለጀልባው፦ ድንጋይ ነው። በክረምት በላዩ ያለፍንበት ድንጋይ በበጋ ውኃው ሲጎድል ለፕሮፔለር ይቀርባል። ሊያዩት ይወዳሉ ብዬ ነው ተሸክሜ የመጣሁት። ተማሪዎች ሳለን የተሰበረ ወንበር ስናመጣልዎ «መጀመሪያ ስብራቱን አንብቡት» ይሉን ነበር።

መምህሩ፦ ዛሬም እላለሁ። ግን ከስብራቱ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። የወሎ ቦረና ልጅ፣ የዳገትና የገደል ልጅ፣ ከጀልባ ጋር ምን አገናኘው?

ባለጀልባው፦ ነገሩ የጀመረው እዚሁ ነው። ልጆች ሆነን ከገደሉ አፋፍ ቆመን ዓባይን ቁልቁል እናይ ነበር። ከላይ ሲታይ ክር ነው። ማዶው ጎጃም ነው፤ የማዶው ሰው ሲያርስ፣ ጭሱ ሲጨስ ይታያል። ትልልቆቹ ግን «ክረምት ገባ፣ መንገዱ ተዘጋ» ይላሉ። ስለዚህ ውኃ ማለት አጥር ማለት መስሎኝ አደግሁ። ባሕር ዳር ለትምህርት የሄድሁ ጊዜ በደንገል ታንኳ ማገዶ ጭኖ የሚቀዝፍ ሰው አየሁ። ለሱ ውኃው መንገድ ነው። ያው የኛው ዓባይ እኮ ነው ጋሼ፤ ከጣና ወጥቶ ነው ከኛ ሥር የሚያልፈው። አንዱ ጋ አጥር፣ አንዱ ጋ መንገድ የሆነበት ምክንያት ሲያብሰለስለኝ ኖረ።

መምህሩ፦ እኔ ያን አጥር አንድ ጊዜ ተሻግሬዋለሁ። ወጣት ሳለሁ ወደ መርጡለ ማርያም ስሄድ ነው። ቁልቁለቱን ወርደን ከውኃው ዳር ስንደርስ ዋናተኞች ጠበቁን። እህሉንና ልብሱን በበሬ ቆዳ ጠቅልለው፣ አፉን ሰብስበው ጥርቅም አድርገው ያስሩታል። ውስጡ ነፋስ ስለሚይዝ ይንሳፈፋል። አንዱ ከፊት ሆኖ እየሳበ፣ ሌላው ከኋላ እየገፋ ይዋኛል፤ ዋና የማይችል እንደ እኔ ያለው ቆዳውን ሙጭጭ ብሎ ይዞ ይሻገራል።

ባለጀልባው፦ እሱ ራሱ ጀልባ ነው ጋሼ።

መምህሩ፦ አሁን ስትለኝ ነው የታየኝ። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው ግን ሌላ ነገር ነው። ዋናተኛው ቆዳውን አስሮ ሲጨርስ ቶሎ ግቡ አላለንም። ዳር ላይ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ቆዳውን በሁለት እጁ ወደ ውኃው ጫን አደረገውና ዝም ብሎ ተመለከተ። ከአንድ እጥፋት ላይ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ሲል አየ። አወጣው፤ ያችን ስፍራ ብቻ ፈትቶ እንደገና አሰራት። እንደገና ነከረው። አረፋው ሦስተኛው ላይ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ነው «በሉ ኑ» ያለን።

ባለጀልባው፦ የሚያፈሰውን ስፍራ ውኃው ራሱ ነገረው።

መምህሩ፦ እሱ ደግሞ ሰማው። መስማቱ ነው ሙያው። በል እስቲ ስለጀልባህ ንገረኝ።

ባለጀልባው፦ ስሟ «በሽሎ» ነው፤ ከወሎ ደጋ ተነሥቶ ዓባይ በሚገባው ወንዛችን ሰይሜያት ነው። ርዝመቷ 6 ሜትር ነው፤ ወርዷ ሁለት ሜትር አይሞላም። ገላዋ ፋይበር ነው፤ ከኋላዋ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተሰቅሏል። ከፊት ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚተኛባት ጠባብ ክፍል አለች። ቅዳሜና እሁድ ሰው እንጭንባታለን። ሰኞ ሰኞ የኛ ቀን ናት፤ ለሽርሽር እንወጣለን።

መምህሩ፦ ወዴት ነው ሽርሽሩ?

ባለጀልባው፦ ቅርቡ ደብረ ማርያም ደሴት ነው፤ ከዚያ ዘጌ፣ ክብራንና እንጦስ አሉ። ዕረፍት ስናገኝ ወደ ደቅ እንሻገርና እዚያው እናድራለን። የምንነሣው ገና ጎሕ ሲቀድ ነው። ያን ጊዜ ጣና ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል፤ የሞተሩን ድምፅ ካጠፉት ከሩቅ የታንኳ መቅዘፊያ ውኃ ሲመታ ይሰማል። ዘጌ ዳር ከቡናው ጫካ ሥር ጥላ ፈልገን እንቆማለን፤ ሻይ እናፈላለን፤ ዳቦ እንቆርሳለን። የሚጠብቀን ሰው የለም፤ የምንጠብቀውም የለም። ነገር ግን ከቀትር በፊት ፊታችንን ወደ ባሕር ዳር እናዞራለን።

መምህሩ፦ ለምን?

ባለጀልባው፦ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ስፍራ ከ14 እስከ 15 ሜትር ገደማ ነው። ምጣድ ማለት ነው ጋሼ፤ ሰፊና ዝርግ። እንዲህ ያለ ውኃ ነፋስ ሲያገኘው ማዕበሉ ረጅም ሆኖ እየተንከባለለ አይመጣም። አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል። ትንሿ ጀልባ ከአንዱ ሳትወጣ ሌላው ይመታታል። ጠዋት ያሞገሱትን ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ይቅርታ ይጠይቁታል።

መምህሩ፦ አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ጀልባዋን ስትገዟት እንዲህ ነበረች ወይስ ነካክታችኋታል?

ባለጀልባው፦ ብዙ ነገር ለውጠናል። መጀመሪያ የለወጥነው ግን ስህተት ነበር። በገዛናት በወሩ ፀሐዩ በረታብን ብለን ከላይ የላሜራ ጣራ አስበየድን። ቀለም ቀባነው፤ አማረ። ወደብ ላይ ቆማ ያያት ሁሉ አደነቀ። በመጀመሪያው ነፋስ ግን ጎኗን ሰጠች። ጣራው ነፋሱን እንደ ሸራ ይይዘዋል፤ ክብደቱ ደግሞ ከላይ ስለሆነ ወደ ጎን ካጋደለች በኋላ ለመመለስ ታመነታለች። ያን ቀን ሦስታችንም ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን ነው የተመለስነው። በማግሥቱ ጣራውን ነቅለን በቀጭን ቱቦ ላይ የሚወጠርና የሚጠቀለል ሸራ አደረግንላት። ነፋስ ሲመጣ በአንድ ደቂቃ ይጠቀለላል።

መምህሩ፦ ወንበር ላይም እንዲሁ ነው። ዓይን የወደደውን ጌጥ ከላይ ትጨምርበታለህ፤ እግሩ ይነቃነቃል። ከዚያስ ምን ተማራችሁ?

ባለጀልባው፦ ደብተር ገዛን። ከጉዞ ተመልሰን ጀልባዋን ካሰርን በኋላ፣ ቤታችን ሳንገባ፣ እያንዳንዳችን ያን ቀን ያስቸገረንን አንድ ነገር ብቻ እንጽፋለን። ሕጉ አንድ ነው፦ ጉዞ ላይ ያልገጠመን ነገር አይጻፍም። ሱቅ ያየነው፣ ሌላ ጀልባ ላይ ያማረን፣ ስልክ ላይ ያየነው ሁሉ አይገባም። በወሩ መጨረሻ ደጋግሞ የተጻፈውን አንዱን እንሠራለን። አንዱን ብቻ።

መምህሩ፦ አንዱን ብቻ ማለታችሁን ወድጄዋለሁ። ሦስት ነገር ባንዴ የለወጠ ሰው የትኛው እንደበጀው አያውቅም። እስቲ ደብተሩ ያሠራችሁን ንገረኝ።

ባለጀልባው፦ ከሁሉ የገረመኝ የዚህ የፕሮፔለር ነገር ነው። ሰው ስንጭን ሞተሩ ያቃስታል፤ ጀልባዋ ውኃውን እያረሰች ትጎተታለች እንጂ ብድግ ብላ አትሄድም። ካንዴላ ቀየርን፣ ካርቡራቶር አጸዳን፤ ለውጥ የለም። ደብተሩ ላይ አራት ሳምንት በተከታታይ «ሲጫንባት ትደክማለች» ተብሎ ተጻፈ። በኋላ አንድ አንጋፋ የሞተር ባለሙያ «ሞተራችሁ አልታመመም፤ ደጋ መጥቶ ነው» አለን። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ነው። እዚያ አየሩ ስስ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር የሚስበው አየር ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ይሄዳል።

መምህሩ፦ ቆይ ላስላው። ለ1,800 ሜትር ስድስት ጊዜ ሦስት፤ 18 በመቶ። ከ15 የፈረስ ጉልበት የሚቀራችሁ 12 ከምናምን ነው።

ባለጀልባው፦ ልክ ነው። ፋብሪካው የገጠመለት ፕሮፔለር ግን ባሕር ዳርቻ ላለ ሞተር የታሰበ ነው። በአንድ ዙር 11 ኢንች ወደ ፊት እንዲገፋ ተደርጎ የተጠመዘዘ ነበር። የኛ ሞተር ያን ያህል መራመድ አቃተው። ባለ 9 ኢንች ስንገጥምለት እርምጃው አጠረ፤ ዙሩ ግን ተነሣ። ጭነቱን ይዞ ብድግ ማለት ጀመረ። ቤንዚኑም ረከሰልን።

መምህሩ፦ ከቆላ የመጣ እንግዳ ወደዚህ ሲወጣ እንደዚያው አይደለም? እንደለመደው ረጅም እየተራመደ ይጀምርና ግማሽ ዳገት ላይ ትንፋሹ ይቆረጣል። አጠር አጠር አድርገህ ተራመድ ሲሉት ይደርሳል። ችግሩ እግሩ አልነበረም፤ እርምጃው ነው። እናንተ ሞተር ልትቀይሩ ነበራ?

ባለጀልባው፦ ትልቅ ሞተር ልንገዛ ዋጋ ስንጠይቅ ነበር ጋሼ። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ገንዘባችንን ጨርሰን፣ ከኋላ ሌላ ክብደት ጭነን፣ ችግሩን ይዘን እንቀጥል ነበር።

መምህሩ፦ ሌላስ?

ባለጀልባው፦ ሌሎቹ ጥቃቅን ናቸው። በመቀመጫዎቹ ሥር ባዶና በደንብ የታሸጉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች አሰርን። አንዱ ውኃ ውስጥ ሲገባ 20 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል፤ አሥሩ 200 ኪሎ ነው። ጀልባዋ ውኃ ብትሞላ እንኳ አትሰጥምም፤ የምንይዘው ነገር ይኖረናል። መጀመሪያ የፍራሽ ፎም ልንጠቀጥቅባት ነበር፤ እሱ ውኃ ይጠጣል። መልህቋ ላይ ሦስት ሜትር ሰንሰለት ጨመርን፤ ገመዱን ደግሞ የጥልቀቱን አምስት እጥፍ አደረግን። ቀጥ ብሎ የወረደ ገመድ መልህቁን ይነቅለዋል፤ ተኝቶ የሚስበው ገመድ ግን ጭቃው ውስጥ ይቀብረዋል። ለምሽት አንዲት ሶላርና ባትሪ አሉን፤ መብራቷና ውኃ የምታወጣው ፓምፕ በሷ ይሠራሉ። ላይፍ ጃኬቱ ግን ደብተር ውስጥ አልገባም። እሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በተሳፋሪው ልክ ነው፤ ያልለበሰ አይሳፈርም። አንዳንዱን ነገር ውኃው እስኪነግርህ አትጠብቅም።

መምህሩ፦ ልክ ነው። ነፍስ ለሙከራ አትሰጥም። ፊትህን ሳየው ግን ያልነገርከኝ ነገር ያለ ይመስለኛል።

ባለጀልባው፦ አለ። ባለፈው ዓመት ወደ ጎርጎራ ወጣን፤ ጣናን ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ ለማየት። ለጉዞው ቦታ ያስፈልገናል ብለን መቅዘፊያዎቹን አወረድን። ሞተር እያለን አንድም ቀን አልተጠቀምንባቸውም ነበር፤ ሁልጊዜ እግራችን ላይ የሚደነቀሩ እንጨቶች ናቸው። በቦታቸው የለስላሳ ሣጥን ጫንን። ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ስንጠጋ እምቦጭ የሚባለው አረም ውስጥ ገባን። ከላይ አረንጓዴ ሜዳ ነው፤ አበባውም ደስ ይላል። ሥሩ ግን ሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ የሚስብባትን ቀዳዳ ደፈነ። ሞተሩ ሲሠራ ከጀርባው ቀጭን ውኃ መፍሰስ አለበት። ውኃው መቆሙን ሳናይ ሞተሩ ግሎ ጠፋ። ቀዳዳዋን በጣቴ ጠራረግሁ፤ ግን እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብን። ነፋሱ ደግሞ መነሣት ጀምሯል፤ እየገፋ ወደ እምቦጩ ውስጥ ይሰደናል። የምንቀዝፍበት ነገር የለንም።

መምህሩ፦ ወይ ጉድ፤ ከዚያስ?

ባለጀልባው፦ አንድ በታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ አዛውንት አዩን። መጡ። የያዙትን ረጅም የቀርከሃ ዘንግ ሰጡን። ውኃው ጥልቅ አልነበረም፤ መሬቱን እየገፋችሁ በዚህ በኩል ውጡ ብለው ራሳቸው በሌላ አጭር መቅዘፊያ ከፊት መሩን። ያቺ የደንገል ታንኳ እምቦጩን ሳትነካው ትንሳፈፋለች። የኛ ባለሞተር ጀልባ ግን ከኋላዋ ትከተላለች። ንጹሕ ውኃ ላይ ስንደርስ ገንዘብ ዘረጋን፤ አልተቀበሉም። «መቅዘፊያችሁን የት ጣላችሁት?» ብቻ አሉ።

መምህሩ፦ ምን መለስህላቸው?

ባለጀልባው፦ ምን እመልሳለሁ ጋሼ። ዝም አልሁ። ያን ምሽት ሦስታችንም ደብተሩ ላይ የጻፍነው አንድ ቃል ነው።

መምህሩ፦ አንድ ታሪክ አስታወስኸኝ። ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው ነበር። የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር ማሳየት ፈለገ። ደንገሉን ከየት ያመጣው ይመስልሃል? ከኛው ጣና ነው። ጣና ላይ ታንኳ ሲሠራ አይቶ፣ ደንገሉን አሳጭዶ ወደ ግብፅ አስጫነ። ከቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች አስመጥቶ ከፒራሚዶቹ አጠገብ «ራ» የተባለችውን ጀልባ አሠራ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ተነሥተው አትላንቲክን ጀመሩት።

ባለጀልባው፦ የጣና ደንገል አትላንቲክ ላይ!

መምህሩ፦ ስማኝ። በጥንቱ የግድግዳ ሥዕል ላይ የጀልባዋ የኋላ ጫፍ ወደ ውስጥ ይጠመዘዝና ከጫፉ አንድ ገመድ ወርዶ ወለሉ ላይ ይታሰራል። እነሄየርዳል ያ ገመድ ጫፉ እንደተጠመዘዘ እንዲቆይ ብቻ የሚይዘው መሰላቸው። ጥምዝምዙ ከጸና ገመዱ ምን ያደርጋል አሉና አስቀሩት። ውቅያኖሱ መሐል ሲደርሱ የጀልባዋ ጀርባ እየሰመጠ ሄደ። ያን ጊዜ ገባቸው፤ ጫፉ ለጌጥ አልነበረም። እንደ ቀስት ተወጥሮ በዚያ ገመድ የኋላውን ወለል ወደ ላይ የሚስብ ነበር። ባርባዶስ ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው ጀልባዋን ትተው ወጡ። በዓመቱ ከቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎችን አምጥቶ፣ እንደገና በኢትዮጵያ ደንገል «ራ ሁለት»ን አሠራ፤ እሷ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

ባለጀልባው፦ ስለዚህ ያች ገመድ የነሱ መቅዘፊያ ናት።

መምህሩ፦ አዎ። ጥቅሙን ያላወቅኸውን ገመድ አትቁረጥ። ይህን ለተማሪ ለሠላሳ ዓመት ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ጀልባ ግን ከመጽሐፍ ውጭ አላውቅም ነበር። ማሻሻል ማለት መጨመር የሚመስለን አለን፤ መቀነስ የሚመስለንም አለን። ማሻሻል ማለት መጀመሪያ እያንዳንዱ ነገር ምን ሥራ ላይ እንዳለ ማወቅ ነው። አንዳንዱ ሥራ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ይመጣል፤ መቅዘፊያው የተቀመጠው ለዚያች ቀን ነው።

ባለጀልባው፦ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎ ጋሼ። ሰፈር ስመጣ «ጀልባ ገዝቶ ይንሸራሸራል» የሚሉኝ አሉ። ያማቸዋል። እዚህ ስንት የሚሠራ ነገር እያለ ይላሉ። እርስዎም እንደዚያ ያስባሉ?

መምህሩ፦ ስትመጣ አስቤ ነበር። አሁን አላስብም። ምክንያቱን ልንገርህ። ዓባይን ሊያሸንፉ የመጡ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1903 ማክሚላን የሚባል አሜሪካዊ የብረት ጀልባዎች አሠርቶ፣ አስጭኖ መጣ፤ እስከ ሱዳን እወርዳለሁ ብሎ። ወንዙ ብዙም ሳያስኬዳቸው ሰባበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ከጣና ተነሥተው በጎማ ጀልባ፣ ያልተቻለውን በእግር እያሉ፣ ከዚህ ከኛ ሥር አልፈው ወረዱ። ጎማው ድንጋይ ሲመታው እያጎነበሰ አለፈ፤ ቢሆንም ያ ጉዞ የአንድ ሰው ነፍስ በልቷል። እነዚያ ዘመቻዎች ናቸው፤ አንድ ጊዜ ወርደው ሄዱ። የዋናተኛው ሙያ ግን የየሳምንቱ ነበር። የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ስለሚሻገር ወንዙን ያውቀዋል። ውኃን የሚያውቅ ሰው የሚገኘው ደጋግመው ሄደው ከሚመለሱት መሐል ነው። ያንተ ሽርሽር ትምህርት ቤት ነው።

ባለጀልባው፦ እኔም እንደዚያ ይሰማኛል። ሰኞ የተማርነው ነው ቅዳሜ ሰው ስንጭን የሚያገለግለን። ተሳፋሪ ይዞ እምቦጭ ውስጥ የገባ ጀልበኛ ለመማር ጊዜ የለውም።

መምህሩ፦ ለቦረና ሰውም ይሄ ነው የጎደለው ብዬ አምናለሁ። ውኃ አላነሰንም፤ ዓባይ አለ፣ በሽሎ አለ፣ ወለቃ አለ። የጎደለን ውኃን በደኅና ቀን መልመድ ነው። እኛ ውኃ ጋ የምንሄደው ሲጨንቀን ብቻ ነው፤ ለመሻገር። የጨነቀው ሰው ምንም አይማርም። አሁን ከዚህ ወደ ግንደ ወይን የሚሻገረው መንገድ አለ፤ ንጋት ሐይቅም ታች ተኝቷል፤ የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከኛ ሥር የሚያልፈው ውኃ እዚያ ሄዶ ሐይቅ ይሆናል። ሐይቅ ሲኖር ጀልባ ይኖራል፤ ጀልባውን ማን ያውቀዋል?

ባለጀልባው፦ እኔ ከዚያ በፊት የማስበው የራሳችንን ሐይቅ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። «በሽሎ»ን አይሱዙ ላይ ጭነን አንድ ሳምንት እዚያ ብንቆይ እላለሁ። ጀልባ በየብስ መሄዷ አዲስ አይደለም፤ «ጣናነሽ 2» ስንት እጥፍ ትልቅ ሆና ከጅቡቲ ባሕር ዳር ድረስ በመኪና ተጭና አይደል የገባችው።

መምህሩ፦ ሐይቅን አውቀዋለሁ፤ ውኃው ጥልቅ ነው ይባላል።

ባለጀልባው፦ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጣና ጋር ሲተያይ ኩሬ ነው። ጥልቀቱ ግን እስከ 88 ሜትር ይደርሳል።

መምህሩ፦ የገመዱ ልክ አምስት እጥፍ ነው ብለሃል። 88 በአምስት 440 ሜትር ገመድ! ጀልባዋ ሰው ልትጭን ነው ወይስ ገመድ?

ባለጀልባው፦ ስለዚህ እዚያ መሐሉ ላይ መልህቅ አይጣልም፤ ዳር ዳሩን ነው መቆሚያ የምንፈልገው። ለጣና ያስተካከልናት ጀልባ ለሐይቅ እስጢፋኖስ አልተስተካከለችም።

መምህሩ፦ ደብተሩ ከገጽ አንድ ይጀመራላ።

ባለጀልባው፦ አዲስ ደብተር ነው የምይዘው።

(መምህሩ የታጠፈውን ፕሮፔለር አንሥተው በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ግድግዳ የተደገፈውን የዋንዛ ጣውላ ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ በአውራ ጣታቸው የእንጨቱን ክር ከላይ እስከ ታች ተከተሉት።)

መምህሩ፦ ተነሥና ቁም። እጅህን ወደ ላይ ዘርጋ።

ባለጀልባው፦ ምን ሊያደርጉ ነው ጋሼ?

መምህሩ፦ መቅዘፊያ ልሠራልህ ነው። ቁመቱ ካንተ ቁመት ትንሽ ይበልጣል። ዋንዛ ቀላል ነው፤ አይሰነጠቅም። ጣቴን ያሳረፍሁበት ስፍራ መጨበጫው ይሆናል። ለአሁኑ ወፈር አድርጌ እተወዋለሁ፤ አልጨርሰውም።

ባለጀልባው፦ ለምን አይጨርሱትም?

መምህሩ፦ እጅህ የት ላይ እንደሚቆስል እዚህ በረንዳ ላይ ሆኜ አላውቅማ። ይዘኸው ውጣ፤ አንድ ወር ቅዘፍበት። በፋሲካ ስትመጣ መዳፍህን አሳየኝ። ውኃ የቋጠረበትን ስፍራ አይቼ በዚያ በኩል እልገዋለሁ።